ተኝቶ የሚያድገው ጥድ

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ እታፈራሁ፣ መንዝ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ዳገቱን አሁንም ይወጣልሻል ወይስ እንደኔው ማማረር ጀመረ? ልጅሽ ኮከብ፣ ላሟ፣ ጓሮሽ፣ ብርዱም ሳይቀር እንደምን አሉ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከአዋሽ ሙቀትና ከናንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂ። ይህን ወሬ ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ ስላልወደድኩ በራሴ እጅ ነው የጫርኩት።

እቴ፣ ጥዱ ጸደቀ።

ስለ ንጋትወርቅ የላክሽብኝ ቃል ሆዴ ውስጥ ከርሟል። ለኔ ሚስቴ ብትሆንም ላንቺም አብሮ አደግሽ ናትና አልተቀየምኩሽም። በኅዳር ሰባተኛ ሙት ዓመቷ ሲደርስ አፅሟን አፍልሰን ባገሯ ደብር ካለው ከትልቁ ጥድ ሥር እናሳርፋት፣ በረሃ ላይ ባዶ አፈር ለብሳ እስከ መቼ፣ አልሽኝ። አሁን ደግሞ አምባዬ አናጢው ሣጥኑን ሠርቶ ጨርሷል አልሽ። እኔ ደግሞ አብረን በኖርንበት ከተማ፣ እሑድ እሑድ በእግሬ በምደርስበት ቦታ እንድትቆይልኝ ነው የምሻው። ግን ነፋሱ አፈሩን እየጠረገ መቃብሯን ከመንገዱ ጋር ሲያስተካክለው፣ አፌን ሞልቼ እምቢ የምልበት ነገር አጣሁ። እልኼ ነውና፣ ያኔውኑ መቃብሯ ላይ ጥድ ካልጸደቀ መጥታችሁ ውሰዷት ብዬ ማልኩልሽ።

ካቻምና ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ዳር ችግኝ ከምትሸጠው ከፋሪሃ ሦስት የጥድ ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ሦስቱም ሽቅብ ማደጉን ትተው መሬት ላይ ተዘረጉ። እኛ የምናውቀው ጥድ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። በረሃው ጣላቸው ብዬ እንጨት ቸክዬ በጨርቅ እያሰርኩ አቆምኳቸው። የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ትግሉ፣ ጋሽ ካሣ ጥድ አሰሩ፣ ለመሆኑ ዋሱ ማነው፣ እያለ ላለፈ ላገደመው አወራብኝ።

የታመመ ሸጥሽልኝ ብዬ ልጣላት ፋሪሃ ዘንድ ሄድኩ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። አባባ፣ ዘሩ ነው፣ ተኝቶ ነው የሚያድገው፣ ምንጣፍ እንጂ ምሰሶ አይደለም፣ ወላሂ ይፍቱት፣ አለችኝ። የቆላ ሰው ለመንዝ ሰው ጥድ አያስተምርም ብያት ተመለስኩ። እንዲያውም ደህና አድርጌ አጠበቅሁት።

በዚያው ዓመት ግንቦት ያ እሳት የመሰለ ነፋስ ሲነሳ ያቆምኩት ሁሉ ነደደ፤ አንደኛው ጭራሽ ደረቀ። በቀሩት ሁለቱ ግን ከእሥሬ ያመለጠው፣ መሬት ላይ የተለጠፈው ቅርንጫፍ አረንጓዴ እንደሆነ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁትና ጨርቁን አንድ በአንድ ፈታሁ። ለፋሪሃ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች።

አሁን ብታይው እቴ! መቃብሯን ከራስጌ እስከ ግርጌ ሸፍኖታል። ቁመቱ ከጉልበቴ በታች ነው፤ ነፋሱ በላዩ ያልፋል እንጂ ጭብጥ አፈር አይወስድም። ስትዳስሺው የደብራችን ሽታ እጅሽ ላይ ይቀራል። የጎረቤት ፍየል እንኳ አሽትታ ትታው ሄደች። ትናንት ደግሞ አንዱን ቅርንጫፍ ቀና ላደርግ ብል እምቢ አለኝ። ለካስ መሬት በነካበት ሁሉ ሥር ሰዷል። ብቻዬን እዚያው ሳቅሁ። እንግዲህ እሷን ለማውጣት እሱን መንቀል ነው፤ እሱን የሚነቅል ደግሞ መጀመሪያ እኔን ይንቀል።

በኅዳር ነይ፤ ዝክሯን እዚሁ እናደርጋለን። ሣጥኑንም ይዘሽ ነይ፣ እንዳትተዪው፤ ክዳኑን ብቻ ለአምባዬ መልሺለት። ሥር ከሰደደው ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ከመቃብሯ አፈር ሞልቼ እተክልበታለሁ። ስትመለሺ ትወስጂውና በደብራችን ከቆመው ጥድ ሥር ታስተኚልኛለሽ።

ኮከብን ሳሚልኝ፣ አክስትሽ አልተረሳችም በያት። ለቄስ ራጉኤል እጅ ነስቷል በይልኝ። አምባዬንም እጅህ ይባረክ፣ ሣጥንህ ለሚለመልም ነገር ዋለ በይው።

ወንድምሽ ካሣ
አዋሽ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.