ሳጃና ደግ የሆነበት ወር

ጥቅምት 4

ሰፈራችን ሳጃና ዛሬም መብራት የለም። የምሠራበት ሆቴል ግን ቦግ ብሎ ነው የሚያድረው። አሥራ ሁለት ፎቅ፣ ሁሉም መስታወት። ካርቱም አደገች ይላሉ… ወደ ላይ ማለታቸው ከሆነ እውነት ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል፣ እሱን ያሳደገው የለም።

አለቃዬ ማሕጁብ ቢሮው ጠራኝ። አምስት ዓመት ድስት ያጠብኩበትን፣ ሽንኩርት የላጥኩበትን ኩሽና ከእንግዲህ አንቺ ትመሪዋለሽ አለኝ። የቁርሱን ክፍል በሙሉ!

"ግን በስ፣ ያ ገሊላ፣ እስከ ጥር ፈቃድ የሚባል የለም። አገሬ ልሂድ ካልሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

"ኢንሻላህ" አልኩ። እምቢ ልል ኖሯል?

አባዬን ለገና እመጣለሁ ብዬው ነበር። ለፋሲካ ይሆናላ። አምስት ዓመት የጠበቀ ሰው ጥቂት ወር አያቅተውም።

ጥቅምት 9

አብራኝ ለምትኖረው የኔነሽ ሹመቴን ነገርኳት። ጥግ ላይ ሻይ ስትሸጥ ውላ ገና መግባቷ ነበር። ከአንገት በላይ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለችና ፊቷን አዞረች። የሻይ ብርጭቆዎቿን እያጠበች፣

"አገርሽ ደርሰሽ ብትመጪስ? አባትሽን ብታዪስ?"

ለአባቴ ማሰብ የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው? አሃ… የእህቷ ልጅ ባለፈው ወር በመተማ በኩል ገብታለች። ሥራ የላትም። እኔን አገሬ ሸኝታ እሷን ምድጃዬ ላይ ልትተክል! ሞኝሽን ፈልጊ።

ጥቅምት 13

ወንድሜ ሰብስቤ ጋ ደወልኩ። አባዬን አቅርብልኝ ብለው ቤተ ክርስቲያን ሄዷል አለ። ድምፁ ተዘግቷል። ጉንፋን ነው አለኝ።

በደወልኩ ቁጥር ብር ላኪ የሚለኝ ያ ለማኝ ወንድሜ ዛሬ ምንም ሳይለምነኝ ዘጋው። ይኸም አለ ለካ።

ጥቅምት 17

ሰዎቹን ምን ነካቸው? የኔነሽ የሥራ ልብሴን አጥባ፣ ተኩሳ አስቀመጠችልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ጋሼ ዘማርያም በካርታ ሲያጭበረብሩ ከያዝኳቸው ወዲህ ሰላም ብለውኝ አያውቁም። ዛሬ መንገድ ላይ አስቁመው ግንባሬን ሳሙኝ። "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። ምን ሆኜ ነው የምታጽናኑኝ? ሹመት ያማል እንዴ?

እንጀራ የሚያቀብለኝ በዛ፣ ሽሮ የሚያመጣልኝ በዛ። ትናንት የት ነበራችሁ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ… በላሁላቸው።

ጥቅምት 22

ለሹመቴ የሰፈሩን ሰው ጠራሁ። ቀዩን ቀሚሴን ለበስኩ። ዘፈን ስከፍት የኔነሽ ዘጋችው። ራሴን አሞኛል አለች። መልሼ ከፈትኩት። ማንም አልተነሣም፣ ብቻዬን ጨፈርኩ። ተደርድረው አፈር አፈሩን ያያሉ። ጋሼ ዘማርያም ጭራሽ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠራርጋሉ። ቅናት ሰው ያስለቅሳል? ያስለቅሳል ለካ!

ከዚያ ጋሼ ዘማርያም ጉዳዩን አወጡት።

"ገሊላ፣ ተመካክረናል። ትኬቱን እኛ እንቆርጥልሻለን። የመውጫ ወረቀትሽንም እኔው ተሯሩጬ አስጨርሳለሁ። ሂጂ፣ ቤተሰብሽን እዪ።"

ለረክሻ ባጃጅ መዋጮ የሚጣሉ ሰዎች ትኬት ሊቆርጡልኝ! ይህን ያህል ቆርጠው ተነሥተዋል።

"ሥራዬን ለማን ልታወርሱት ነው?" አልኳቸው። የኔነሽ ሰሃን መሰብሰብ ጀመረች።

ጥቅምት 23

ሰብስቤ ዛሬ ደግሞ "ተኝቷል" አለ። በጠራራ ፀሐይ? አባዬ? እንግዲህ አርጅቷል…

ጥቅምት 30

መምራት ጀመርኩ። ነጭ ጋዋን፣ በደረቴ ላይ ስሜ በዐረብኛ። አንዱ ባለሀብት ስድስት እንቁላል አዝዞ አንዱን ነካክቶ ተነሣ። የተረፈውን ሠራተኛ አይቀምሰውም፣ ይደፋል፣ ደንቡ ነው። እስከ ትናንት ይህን ደንብ ስረግም ነበር። ዛሬ ቆሜ የማስደፋው እኔ ነኝ። ልጆቹ በጎሪጥ አዩኝ። ይዩኝ።

ለአባዬ ብነግረው ደስ ይለው ነበር። ዛሬም አላገኘሁትም።

ኅዳር 6

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሁሉም ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። ጋሼ ዘማርያም ግን ነገሩኝ።

"አባትሽ ዐርፈዋል፣ ልጄ።"

መቼ? መስቀል ባለፈ በሳምንቱ። አርባቸውም ወጥቷል።

ማሕጁብ ቢሮው ሲጠራኝ አባዬ ተቀብሯል። ለፋሲካ ስል ተቀብሯል።

ኅዳር 8

ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ይኸው ነው ወጉ… በስደት ያለ ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም፣ አታልለው አገር ያስገቡትና ከዘመዶቹ መሃል ይነግሩታል። እኔ አልሄድም ስል ጊዜ እዚሁ አረዱኝ። እኔም ስንቱን ሰው እንዲህ አታልዬ ሸኝቻለሁ። በራሴ ሲደርስ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው አልኩ። ከዚህ በላይ ጅል አለ?

እነሱንም ይቅር አልላቸውም። የኔነሽን ያዝኳት።

"እያወቅሽ አስጨፈርሽኝ!"

"ዘፈኑን ዘጋሁት እኮ፣ ገሊላ። ሌላ ምን ላድርግ? አንቺ ከፈትሽው።"

አለቀስኩ። አባዬን አልቀበርኩትም፣ አፈር አልመለስኩበትም። ቀይ ለብሼ ጨፈርኩበት። ንዴቱ ነው መሰለኝ ከኀዘኑ የሚበልጥብኝ።

ከሰዓት ማሕጁብ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ መዳፎቹን ዘርግቶ የፋቲሓ ጸሎቱን ቀራ። "አልበረካ ፊኩም" አለ፣ እግዜር ያጽናችሁ እንደማለት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሐር ካልሲውን እስቅበት ነበር።

"አባትሽ መቼ ሞተ?"

የኔነሽ አየችኝ። ምን ልበለው? ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀውን ሞት ወር ሙሉ ደበቁኝ ልበለው?

"ትናንት" አልኩት።

ከተቀመጠበት ብድግ አለ። "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሺ፣ ያላ! ለቀብሩ ትደርሻለሽ። የከለከልኩሽ የሽርሽር ፈቃድ ነው፣ ለሞትማ ማን ይከለክላል? ቦታሽ ይጠብቅሻል።"

እሺ አልኩት።