የዘኪያ የሪፈር ወረቀትና የሰባተኛው አያቴ ግመሎች

ጥር 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አራጌ፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

ጤናና ሰላም ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከኪስዎ ለማይለየው ማኅተምዎ ይብዛልኝ እያልኩ፣ በገበያው ዋርካ ላይ የለጠፍኩትን ይህን ደብዳቤ ሲያልፉ እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እንደሚያውቁት የአራት ዓመት ልጄ ዘኪያ አፏን አልፈታችም፣ ቆማም አልሄደችም። ለክትባት ከደሴ የመጡት የሕፃናት ሐኪም አይተዋት፣ ነገሩ በዘር የሚወርድ ሊሆን ስለሚችል አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች ደሟን ይመርምሩ፣ ከቅርብ ዘመድም ዘግይቶ የተናገረ እንዳለ ይጠየቅ ብለው፣ የሪፈር ወረቀቱን እርስዎ እንዲጽፉልን አዘው ሄዱ። ይኸው ዘጠኝ ወር ሆነ፤ ምስጋናዬም ተጠራቅሟል።

አንደኛ፣ ሐኪሙ ስለ ቅርብ ዘመድ የጠየቁትን እርስዎ ወደ ሰባት ትውልድ አሳድገው፣ በሽማግሌ ፊት ተቆጥሮ ይምጣ ስላሉን እናመሰግናለን። በእኛ አገር ዘር የሚቆጠረው ለጋብቻ ነውና፣ የእኔም የባለቤቴ የራህመትም ወገኖች እንደ ልማዳቸው ነውሩን ደብቀው ሙያውን አወሩ። በሁለቱም በኩል ዘግይቶ የተናገረ ቀርቶ ዝም ያለ ሰው እንኳ አልተገኘም፤ አጎቴ አሊ እንዲያውም ጡት ሳይጥል ሰው አስታርቋል ተባለ። በሰባት ዓመቷ አፏን የፈታችው የራህመት አክስት ሲቲም እዚያው ተቀምጣ ራሷን በአዎንታ ትነቀንቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሰባተኛው አያቴ አርባ ግመል ነበራቸው ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ የሕፃኗን ጉዳይ ለመደብ ማጣራት ወደ ቀበሌ ስለ መሩት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ባለግመሉ ራሳቸው ቀርበው ያስረዱ ሲል ወስኗል። እኛም እየጠበቅናቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ ጎብዬ ከተማ ለስብሰባ በሄዱ ቁጥር ማኅተሙን ይዘው ስለሚሄዱ፣ ራህመት ልጅቱን አዝላ ከመንደራችን ከሮቢት ሠላሳ አራት ጊዜ ተመላልሳለች፤ ጸሐፊዎም ሠላሳ አራቱንም ጊዜ በመስኮት ብቅ ብሎ ነገ ኑ ብሏታል። ጓድ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ልጄን የሚረዳት ነገር ካለ ጊዜው እንዳያልፍባት ፈርቻለሁ።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣ መጥሪያው ለሟቹ እስኪደርስ ድረስ በተስፋ የምኖር አክባሪዎ፣

ሙሀመድሰይድ ታሂር፣ ከሮቢት፣ አንድም ግመል የሌለው

ማስታወሻ፦ ዘኪያ ባለፈው ማክሰኞ አፏን ፈታች። እማም አባም አላለችም፤ ጸሐፊዎ በመስኮቱ ብቅ ሲል ቀድማ «ነገ ኑ» አለችው። ስለ ትምህርቱ አላህ ይስጥልን። መሄድን ግን እናንተ ቢሮ ልትማር ስለማትችል፣ ሪፈሩን ይፈርሙልን።