ሌላው ይገዙ

ኮልፌ፣ ኅዳር 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ የኔነሽ፣

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ጥፋቴን ላስቀድም። እግሬ የተሰበረው አሰብ ወደብ ላይ ከጭነት መኪና ወድቄ አይደለም። አሰብን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የመታኝ ጥይት ነው፤ የመታኝም አንቺ ከምትማሪበት ከፒዮንግያንግ በስተደቡብ ባለ ኮረብታ ላይ ነው። በ1944 ኮሪያ ዘምቼ ነበር።

ባለፈው ደብዳቤሽ ሙዚየም ወስደዋችሁ፣ ሊወጓቸው ከመጡት አገሮች ባንዲራ መካከል የእኛን እንዳየሽ ጻፍሽልኝ። «ተሳስታችኋል፣ አገሬ ወዳጃችሁ ናት ብዬ ተከራከርኩ፤ ልክ ነኝ አይደል አባባ?» አልሽ። ልክ አይደለሽም። ያሳሳትኩሽ ግን እኔ ነኝ።

ያኔ ስንዘምት ንጉሡ ሸኙን፣ ካህናቱ መስቀል አሳለሙን፣ አሜሪካኖች ካፖርት አለበሱን። ጠላታችሁ ኮሚኒስት ነው ተባልን። ዓለም ለሁለት ተከፍሎ ነበርና በአንደኛው በኩል ቆምን። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሶማሊያ ስትወረን መንግሥታችን ወደ ሌላኛው በኩል ተሻገረ። አሜሪካኖቹ ሄዱ፣ ሩሲያና ኩባ መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ጓድ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ግራ ቀኙን አይቶ ሆነ። ባለሱቁ ዩሱፍ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሥዕል አውርዶ ሌኒንን ሲሰቅል «ጋሼ፣ ምስማሩ ያው ነው» አለኝ። ሥዕል ይወርዳል፤ እኔ ይህን እግር የት ላውርደው?

ጋሽ ጥሩነህን ታውቂዋለሽ፣ 18 ማዞሪያ ጫማ የሚሰፋውን። ቆስዬ በረዶ ላይ ስወድቅ በጀርባው አዝሎ ያወረደኝ እሱ ነው። በ1970 ቤቱ ሲፈተሽ ከፈረንጅ ወታደሮች ጋር የተነሣው ፎቶ ተገኘና ቀበሌ ስብሰባ ላይ አቆሙት። የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ አሉት።

«መንግሥት ልኮኝ ነው። ብቻዬንም አልነበርኩ፤ ይገዙ ይመስክር» አለ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ፍቅሬ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ይገዙ፣ አብራችሁ ነበራችሁ?»

«እኔ በሰፈር ነው የማውቀው» አልኩ።

ጥሩነህ ትንሽ አየኝ። ከዚያ «ልክ ነው፣ ሌላ ይገዙ ነው» አለ። አንዱ ከኋላ «ስንት ይገዙ አለ ባካችሁ» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔም ሣቅሁ።

ሰባት ወር ታሰረ። የዘበኝነት ሥራውንም አጣ። ከወጣ በኋላ ጫማ በሚሰፋበት ባለፍኩ ቁጥር ኮፍያውን አንሥቶ «እንደምን አደርክ ይገዙ» ይለኝ ነበር። ሌላ ቃል ጨምሮ አያውቅም።

ለራሴ «ለልጄ ብዬ ነው» እለው ነበር። አንቺ ግን ያኔ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ስላንቺ የጠየቀ አልነበረም። የፈራሁት ለራሴ ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስናዘዝ ይህችን እዘላት ነበር። እናትሽ ወለተጻድቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታውቅ ነበር። የኮሪያ ኒሻኔን ትራሷ ውስጥ ሰፍታ «ወይ ይኼን ከትራሴ፣ ወይ ያንን ከሆድህ አውጣ፤ ሁለቱም እንቅልፍ ነሡኝ» ትለኝ ነበር። አንዱንም ሳላወጣ ቀበርኳት። አሁን እኔ ነኝ እዚያ ትራስ ላይ የምተኛው። ይቆረቁራል።

ጥሩነህ እሑድ ዐረፈ። ለቅሶው ላይ እንባ አልመጣልኝም። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝና ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ የማነብበውም እኔ ነኝ። ባለቤቱን ወይዘሮ ጤናዬን «ከአርባ አራት እስከ አርባ አምስት ያለውን ምን ልበለው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እርስዎ የሚያውቁትን» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ያንቺ የትምህርት ዕድል የተገኘው ቀበሌው ስለ አባትሽ ንጽሕና መስክሮልሽ መሆኑን አልዘነጋሁም። ስለዚህ ነው ይህን በፖስታ ሳልልክ ለዕረፍት መጥታ ለምትመለሰው ለጓደኛሽ ለዘመነች በእጇ የምሰጣት። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ቢጠይቁሽ አላውቅም ነበር በይ፤ እውነትሽን ነው። ወደ አገርሽ ቢመልሱሽም አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። በሰው አገር የረገጥሽው መሬት ይጽናልሽ፤ የእናትሽ ጸሎት ከፊትሽ ይቅደም።

ትናንት ፍትሐቱ እንዳለቀ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጓድ ፍቅሬ ጥዱ ሥር እጁን አጣምሮ ቆሟል። የተወለደበትን አነበብኩ፣ የተዳረበትን አነበብኩ። ቀጥዬ «በ1944 ኮሪያ ዘመተ፤ ይገዙ የሚባል ቁስለኛ በጀርባው አዝሎ ከኮረብታ አወረደ» አልኩ። የጻፍኩት እዚያ ላይ ያበቃል። ወረቀቱን አጠፍኩትና «ያ ይገዙ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አባትሽ፣
አሥር አለቃ ይገዙ ወልደሥላሴ