ስሙ «ክፍት» በሆነ ክፍል ደጃፍ ላይ

…መካከል ላይ ነበር የቆመው፤ በግራው አንድ የጎጃም ሰው፣ በቀኙ ሌላ፣ ፊታቸውን አሁን አላስታውስም። አምና ለወንድሜ ለምንይችል ስንቅ ይዤ ሸሕዲ አጠገብ ካለ የሰሊጥ እርሻ ስደርስ ነው እንዲህ ቆሞ ያየሁት። በአረም ወቅት አዲስ ገቢ በሁለት ነባሮች መካከል ይሰለፋል፤ ወደኋላ ሲቀር ከግራና ከቀኝ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ያግዙታል፣ እያገዙም ይሰድቡታል። «አንተ ልጅ፣ አረሙን ትተህ ሰሊጡን ጨረስከው እኮ!» ከመስመሩ ግን አላስወጡትም።

ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርሁ። የተከበራችሁ የ«ክፍት እጅ» የፕሮግራም ሠሪዎች ማኅበር አስተባባሪዎች፣ ጤናችሁ ይብዛ፣ መብራታችሁ አይጥፋ፣ ኢንተርኔታችሁም እንደ እኛው አይቆራረጥ። እኔ ውቢት እባላለሁ፤ መተማ ዮሐንስ በአቶ ኸሊል ሱቅ ሞባይል እጠግናለሁ።

ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ላስረዳ፤ ማኅበሩ ማንም ገብቶ እንዲያይ፣ እንዲያርምና እንዲጨምርበት የተከፈተ የአጭር መልእክት ፕሮግራም አለው። የእኔ ሐሳብ፣ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ኔትወርክ ባገኘበት ገበያ ስሙንና ያለበትን ካምፕ እንዲልክ፣ ቤተሰቡም ጠይቆ የት እንዳለ እንዲያውቅ ነው። መልእክቱ የሚላክበትን አጭር ቁጥር የትራክተር ሾፌሮች ከካምፕ ካምፕ ያደርሱታል። ምንይችል ዘንድሮ በሰኔ ወደ ገለጉ ወርዷል። የማን እርሻ እንደገባ አናውቅም።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበላችሁ አመሰግናለሁ። ሐሳቤን ያቀረብሁት እንዳደግሁበት ነው፤ ጤናችሁን፣ ልጆቻችሁን፣ ከብቶቻችሁን ሳይቀር ጠይቄ ወደ ጉዳዩ የገባሁት መጨረሻ ላይ ነበር። ከብት እንደሌላችሁ በኋላ ገባኝ። ጠባቂ ማሽናችሁ ሰላምታዬን አይቶ አጭበርባሪ ናት ሲል አገደኝ። በእርግጥ የማያውቃችሁ ሰው ደኅንነታችሁን ከጠየቀ፣ ሊዘርፋችሁ ካልሆነ በቀር ምን ይፈልጋል?

ሁለተኛ፣ ሰላምታውን ቆርጬ ሐሳቤን ደግሜ ስልከው፣ አስተባባሪው አቶ ወንጌል «መመሪያውን አንብቢ፣ እህት» ብለው ለመመለስ ከሥራቸው ጊዜ ስለሠዉልኝ ባለ ውለታቸው ነኝ። አነበብሁ። አዲስ ሐሳብ የሚታየው ሁለት ነባር አባላት ሲደግፉት ነው ይላል። ነባር አባላት የሚገኙበት ክፍል ደግሞ የሚከፈተው ከዚህ ቀደም ሐሳብ ለጸደቀለት ሰው ነው። የሳትሁት ነገር ያለ መስሎኝ ደግሜ አነበብሁ። ደግሜ። መግቢያውም መውጫውም የጠፋኝ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ የክፍሉ ስም ግን «ክፍት» ነው። አቶ ኸሊል በትከሻዬ ላይ አሻግረው አይተው፣ «አንቺ፣ ከዚህስ ድንበሩን አልፎ ወደ ገላባት መሻገር ይቀላል!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ሦስተኛ። ኮዴ የተንዛዛ መሆኑን አውቃለሁ። ይህን ብትነግሩኝ ኖሮ… አልነገራችሁኝም። አንድ አባል ብቻ «የፕሮግራሙን ቅጂ ወስደሽ የራስሽን ሥሪ» ሲሉ መከሩኝ። ደግ ምክር ነው። መልእክቱ የሚገባበት አጭር ቁጥር ግን በእናንተ እጅ ነው፤ ቁጥር የሌለው ፕሮግራም ደግሞ… ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

በመጨረሻም ሐሳቤን ዘጋችሁት፤ ምክንያቱም «ተጠቃሚ መኖሩ አልተረጋገጠም» የሚል ነው። የምለምነው ትንሽ ነው። ስድብም ቢሆን ከእርማት ጋር ይምጣልኝ።

መመሪያችሁን በቃሏ የያዘች፣ ደጋፊ ያልታደለች፣ ለጨዋ ዝምታችሁ ከወገቧ ጎንበስ ብላ የምታመሰግን፣

ውቢት ይስማው
መተማ ዮሐንስ፣ ነሐሴ 2007 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት ከገለጉ በኩል ጭቃውን ሰንጥቆ የመጣ የትራክተር ሾፌር፣ በአንድ ካምፕ ሠራተኞች በትኩሳት መውደቃቸውን ነገረን። የማን ካምፕ እንደሆነ አያውቅም። እናቴ ወይዘሮ አየሁሽ ተጠቃሚ መሆኗ የሚረጋገጥበት መንገድ ካለ፣ በአባላት ድምፅም ቢሆን፣ ብታሳውቁን ደስ ይለናል። እሷ ግን የምትጠብቃችሁ አልመሰለኝም፤ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ጫማዋን ስትፈልግ፣ ዣንጥላ ስታነሣ ይሰማኛል። ዝናቡ አላባራም። እማዬ፣ አልኋት፣ የገለጉ መንገድ እኮ…

በሩ ተዘጋ።