የጋራው አበባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ከምሳ በኋላ፣ ከሥራ ቦታዬ

ይድረስ ለምሳሳለት ልጄ፤

እንዴት ከረምክ? እኔም አባትህም ጤነኞች ነን። እኔ ግን ግራ ገብቶኛልና ደብዳቤዬ ቢዘበራረቅ አትሳቅብኝ።

በጓደኛህ እጅ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። «እዚህ ባሕር ማዶ ከቤቴ ደጃፍ የቀጠፍኩት» ያልከው አበባም አንድ ቅጠል ሳይረግፍ ደረሰ። መቼም የደረቀ ዕፅ ወረቀት ላይ እየለጠፍኩ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ አባትህ «ገለባ ለጣፊዋ» ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም። ልጄ ከማዶ ላከልኝ ብዬ ልኮራ ለአለቃዬ፣ ለዕፅዋት ተመራማሪዋ፣ አሳየኋት።

መነጽሯን አድርጋ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።

«የሱፍ አበባ ወገን ነው» አለችኝ። «ላዩ ቢደርቅም ሥሩ እየከረመ በየዓመቱ ያብባል። ግን እትዬ፣ ይሄ ከዚህ ከእኛ ጋራ በቀር የትም አይበቅልም። ሌላ ቦታ ስንት ጊዜ ተክለነው እምቢ ብሎናል።»

ከቤታችን በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት የማይሞላውን ጋራ ማለቷ ነው፣ የድንጋይ ካባው ያለበትን።

ዘሩን ይዘህ ሄደህ ይሆን? ወይስ እሷ ተሳስታ ነው? ጓደኛህን ብጠይቀው «እቸኩላለሁ» ብሎኝ ሄደ። ዛሬ ደግሞ የጋራው ጥበቃ ናሙና ሊያደርስ መጥቶ፣ ካባው ላይ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ከሰው የማይገጥም አንድ ቀጭን ልጅ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው አለኝ። ቀጭን ልጅ የትም ሞልቷል። እኔ ግን ሙጫውን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

አልሆንልህ ብሎ ተመልሰህ ከሆነ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? አባትህ «ልጄ ማዶ ነው» እያለ ሰፈሩን ስላዳረሰ? እሱን ለእኔ ተወው። ስለ አበባው ገና ምንም አልነገርኩትም። ናፍቀኸኛል፤ ተናድጄብሃለሁም። የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

ሁለት ደብዳቤ ነው የጻፍኩት። አንደኛው «አበባህ ደርሶኛል፣ ያምራል» ብቻ ነው የሚለው፤ እሱን ለጓደኛህ እሰጠዋለሁ። ይሄንን ግን ጥበቃው ለዚያ ቀጭን ልጅ ያደርስልኛል፤ ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ልጁ «የእኔ አይደለም» ካለ ይመልስልኛል። ያኔ ልጄ እንዳለው ማዶ ሥራው ላይ ነው ማለት ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባል። እኔ ግን ደብዳቤው እንዳይመለስ እየጸለይኩ ነው።

ያለህበትን ይባርክልህ፤ ጣቶችህን ከመዶሻ ይሰውርልህ።

እናትህ