የጋሽ ገብረትንሣኤ የቁርጠት ውሃ

ከዚህ በታች የምታደምጡት ሁሉ አንዲት ቃል ያልተጨመረበት እውነት መሆኑን አስከሬናቸው ፊት ቆሜ እምላለሁ። ጸሐፊው የእህታቸው ልጅ አምላኩ ነኝ።

አቶ ገብረትንሣኤ ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ይርዳውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደምሴ ጥር 12 ቀን 1944 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ጥርስ አብቅለው ነው የተወለዱት የሚል አለ፤ እኔም አምናለሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1961 ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በአንድ መድኃኒት ቤት በጠርሙስ አጣቢነት ተቀጠሩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ባለሙያው ሳያማክራቸው መድኃኒት አይሰጥም ነበር። በ1970 ከወይዘሮ ወለተማርያም ጋር ተጋብተው አዶኒያስንና ገንዘቤን አፈሩ። በ1972 ደግሞ ዛሬ ሩዋንዳ በምንለው ሰፈር የራሳቸውን መድኃኒት መደብር ከፈቱ።

ስማቸውን ያስጠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በውሃ ሲበጠበጥ የሚፈላው የቃር ዱቄት ነው። ከአንድ ሠርግ ማግስት ቁርጥ የከበዳቸው ሚዜዎች ተሰልፈው ጠጥተው፣ ግሳታቸው አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ተሰምቶ በረራ አዘግይቷል። ሁለተኛው ጠርሙሱ ላይ ሕፃን የተሳለበት የቁርጠት ውሃ ነው። በዚያን ጊዜ ጥርስ የሚያበቅል ልጅ ሲነጫነጭ "ግግ ነው" ተብሎ፣ ድዱን ሰንጥቆ ወደሚያወጣ ሰው ይወሰድ ነበር። እኔንም በስምንት ወሬ እናቴ ፈለቀች አዝላኝ ወደዚያው ስትሄድ በመደብሩ ደጃፍ አለፈች። ጋሼ "ወዴት ነው? ልጁን ወዲህ በይ፣ መድኃኒቱ እኔ ዘንድ አለ!" አሏት። አንድ ማንኪያ ጠጣሁ፤ ዝም አልኩ፤ ድዴ ተረፈ። እንዲህ አርባ ሺህ ሕፃናትን ከስለት አድነዋል።

በ2008 ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ እናቶች ከሩዋንዳ በሚኒባስ ይከተሏቸው ነበር። ለሁለት ዓመት በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው አሉ።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመውሰዴ በፊት ለባለቤታቸው አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ከቁም ሳጥን ሕፃን የተሳለበትን ጠርሙስ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ እንደታሸገ ነው።

"አምላኩ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አጎትህ ለሕፃን ማንኪያ አቅምሶ አያውቅም። የነበረውም ጠርሙስ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። መድኃኒት አለ ካላላት እናትየው ግግ አውጪው ጋ ትሄድበታለች። ስለዚህ ጠርሙሱን ያሳያትና 'ትንሽ ይሙቅ፣ ጠብቂ' ብሎ፣ ልጁን ክንዱ ላይ በሆዱ አስተኝቶ ይንጎራደዳል። ልጁ ያገሳል፣ ይተኛል። የባሰበትን ራሱ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። አንተንም እንደዚያው ነው ያደረገህ። ነገ ቀብር ላይ ይህን የሰማች እናት ጠርሙስ ፍለጋ እንዳትዞር እውነቱን ጻፍላት።"

የላይኛውን ለመሰረዝ እጄ እምቢ ቢለኝ ከታች ጻፍኩት። ስለ በረራው ግን ምንም አላሉኝም።

የስንቷ እናት ልጅ ያረፈበት ክንድ ነውና፣ እግዚአብሔር የእሳቸውንም ነፍስ በክንዱ ያሳርፍልን።