አምስት ቀን ሽሮ በቧንቧ ውሃ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠ. 12 ሰዓት

አውራ ዶሮው ቀደመኝ። ከመስኮቴ ሥር፣ ከቧንቧው እግር ታስሯል። ትናንት ከሰዓት ስደርስ አልነበረም፤ አመሻሽ ላይ መጣ። እሱም እንደኔ እንግዳ ነው፤ ልዩነታችን መታወቂያ አለመጠየቁ ነው።

ብርድ። ጥቅምት ደሴ ላይ ቀልድ አያውቅም። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል፤ እኔ ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንቤ እጽፍልሃለሁ፣ ደብተሬ።

ሥራዬን ታውቃለህ። ለብቻቸው ለሚጓዙ ሰዎች የሚታተም መጽሐፍ፤ የደሴና የኮምቦልቻ ምዕራፍ የኔ ድርሻ። የት ይተኛል፣ ምን ይበላል፣ ምን ይታያል። ሕጌንም ታውቃለህ፦ ከባለቤት ጋር አልወዳጅም፤ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ያረፍኩበት የእንግዳ ቤት ባለቤት እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጥ ያሉ ሴት። አምስት ክፍል፣ አንድ ግቢ። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ሳስቷል። ልጃቸው መሐመድ ኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ ወሩ ሲያልቅ ቤቱ ይዘጋና የሲሚንቶ መጋዘን ይሁን ብሏል። ይህን ቁልፍ እየሰጡ ነገሩኝ፣ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስል። መጽሐፉ ላይ አንድ ገጽ ከወጣች ግን ልጁ ልቡ ይራራ ይሆናል ብለው ያስባሉ።

መታወቂያዬን ረጅም ጊዜ አዩት። አራጋው ይማም። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። ተነፈሱ። ከዚያ ሽሮ መጣ።

እሮብ፣ ጥቅምት 5። ከሰ. 10 ሰዓት

ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ቀረበልኝ። አንዱ ወተት፣ አንዱ ቀይ ሻይ። እትዬ ዘሃራ በሩን ተደግፈው ቆሙ። ሁለቱንም ጠጣሁ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ጠፋ፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ቦሩ ሜዳ ደርሼ መጣሁ። በሚኒባስ፤ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ የገብስ ቆሎ በእፍኝ ሰጡኝና እስክንወርድ መረቁኝ። ንፋስ፣ ገብስ፣ ሰፊ ሰማይ። ለመጽሐፉ፦ ጃኬት ይያዙ፣ ምርቃት በነጻ ነው።

ምሳ ሽሮ። ጎረቤቱ ጋሽ ተሾመ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው እንዴት እንደሰነበትኩ ጠየቁኝ። ከዚያ ዶሮውን አዩ። ከዚያ እኔን። ከዚያ እትዬ ዘሃራን። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ተሾመ ወረዱ።

አርብ፣ ጥቅምት 7። ከሰ. 9 ሰዓት

ትናንት ምሳ ምስር ነበር። ሳይቆጫቸው አልቀረም፤ ለራት ሽሮው ተመለሰ። ዛሬም ሽሮ። እውነት ለመናገር ጥሩ ሽሮ ነው። ግን ወሎ ድረስ መጥቶ አምስት ቀን ሽሮ፣ ደብተሬ፣ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። የጎበኘሁት ሁሉ ሥጋ ሲሸት፣ እኔ እዚህ መነኩሴ ሆኛለሁ።

ከቀትር በፊት ደጄ ላይ በጆግ ለብ ያለ ውሃ ተቀምጦ አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ ጺሜን ተላጨሁበት። እትዬ ዘሃራ ሲያዩኝ በጣም የደከማቸው መሰሉ።

ገጹን ለአርታኢዋ በቴሌግራም ላክሁ። «አልጋ፦ ንጹሕ። ባለቤት፦ ደግ። ምግብ፦ ሽሮ። ሌላ አይጠብቁ፤ ውጭ ይብሉ።» እስከ እሑድ ማታ ማረም ይቻላል አለችኝ። የሚታረም የለውም አልኳት። ከዚያ እትዬ ዘሃራ ምን ጻፍክልን አሉኝ። ስለ አልጋው አወራሁ። ስለ አልጋው ብዙ አወራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰ. 11 ሰዓት

ኮምቦልቻ። እትዬ ዘሃራ ለልጃቸው ወፍራም ሹራብ አስይዘውኛል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ መጀመሪያ ጃኬቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። እዚያ ሙቀት ሹራብ ማድረስ ለወንዝ ውሃ መቅዳት ነው። እናት ግን ናት።

መጀመሪያ ሥጋ። ሁለት ምግብ ቤት ጎን ለጎን፦ አንዱ በሩ ላይ መስቀል፣ አንዱ ጨረቃ። ጥላ ያለበትን በር መረጥሁ። ጥብስ። ዝምታ። ሁለተኛ ጥብስ።

መሐመድን ሱቁ አገኘሁት። ሹራቡን ተቀብሎ ሳቀ። በላህ ወይ አለኝ። በላሁ። ወዲያው ጠጋ ብሎ፣ የትኛው ቤት? አለኝ። ጥላው ጋ አልኩት። ሁለቱም ጋ ጥላ አለ እኮ አለና ተስፋ ቆርጦ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠ።

«አውራ ዶሮው ያንተ ነው» አለኝ። «ከሰኞ ጀምሮ አራጅ አጥቶ ነው የሚጮኸው።»

አስረዳኝ። አራጋው እስላምም ክርስቲያንም ይጠራበታል፤ ይማምም እንዲሁ። እስላም ከሆንኩ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ ይጠራል፤ ክርስቲያን ከሆንኩ ጋሽ ተሾመ። ቢሳሳቱ እንግዳን መበደል ነው። ስለዚህ ማንም የማይከለከለው ሽሮ። የእሮቡ ወተት ጾም እይዝ እንደሆነ ሊያዩ፤ የአርቡ ውሃ ለጁምዓ እንድታጠብ። እናቱ በየማታው እየደወሉ ያማክሩታል።

እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። ለአንድ እንግዳ አምስት ቀን እንቅልፍ አጥታለች አለ። ቤቱን ዝጊ የምላት ለዚህ ነው፤ ታርፍ ብዬ እንጂ ለሲሚንቶው አይደለም። የላክሁት ገጽ ኪሴ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ ነበር።

ተመለስኩ። እትዬ ዘሃራ ግቢው ውስጥ ሽንኩርት ይልጣሉ። ለምን አልጠየቁኝም? አልኳቸው።

ቢላውን አስቀመጡት። «እንግዳ ሃይማኖቱን ይጠየቃል፣ ልጄ? ከደጅ መመለስ ማለት ነው እኮ።»

ነገርኳቸው። አባቴ እዚሁ ደሴ አጠገብ የገራዶ ሰው፣ እስላም። ሁለት ዓመቴ ላይ ሞተ። እናቴ አዲስ አበባ አሳደገችኝ፤ እሷ ክርስቲያን፣ እኔም ተጠምቄአለሁ። ሥጋ ሲቀርብ ግን የማንም ቢሆን አልጠይቅም፤ እበላለሁ።

ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ታዲያ ወሎዬ ነኝ አትልም ነበር?»

ወደ አጥሩ ዞረው ተጣሩ። ጋሽ ተሾመ ወዲያው ብቅ አሉ። ቢላቸው ከሰኞ ጀምሮ ተስሎ ተቀምጧል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከሰ. 9 ሰዓት

አልጮኸም። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። ትንሽ አዘንኩ፣ ደብተሬ። ትንሽ።

ለክርስቲያን እንግዳ የተለየ ድስት አላቸው፤ ከቆጥ ወረደ። እትዬ ዘሃራ ሲሠሩ ዋሉ፣ ግን ጋሽ ተሾመ ያረዱትን አይቀምሱም። ጨው ቀማሹ እኔ ሆንኩ። በየሩብ ሰዓቱ ከክፍሌ እጠራለሁ፤ በማንኪያ ጫፍ መዳፌ ላይ። በቃው? ትንሽ ይጨመር። አሁንስ? በሕይወታቸው ቀምሰውት የማያውቁትን ወጥ እንዲህ የሚሠሩ ሰው አላየሁም።

መሐመድ በምሳ ሰዓት ከኮምቦልቻ መጣ፣ ስለ ቤቱ የመጨረሻውን ቃል ሊሰጥ። ሹራቡን ለብሷል። ለእኔና ለጋሽ ተሾመ ዶሮ ቀረበ። ለሱ ሽሮ።

ሽሮውን አየ። ሰሃኔን አየ። «እማዬ፣ እኔስ?»

«አንተ የቤት ሰው ነህ» አሉት፣ «አብሽር።»

ጋሽ ተሾመ ፈረሰኛውን ለእኔ ትተው፣ አይዞህ ልጄ፣ አምስት ቀን ነው አሉት።

ከምሳ በኋላ እትዬ ዘሃራ ድስቱን ሊያጥቡ ሲሄዱ፣ አዲሱን ገጽ በስልኬ ለመሐመድ ሰጠሁት። አነበበው፦ «ምግብ፦ እንደደረሱ ስምዎን ብቻ አይንገሩ፤ የምን ሥጋ እንደሚበሉ ሳይጠየቁ ይናገሩ። እትዬ ዘሃራ አይጠይቁም። ካልነገሯቸው ሽሮ ነው። ከነገሯቸው ጎረቤት ይጠራል።» የድሮውን ገጽም አሳየሁት። ከላይ እስከ ታች አየውና በጣቱ ራሱ አጠፋው። ሕጌን ስለ መጣሴ፣ ደብተሬ፣ የምትለኝን አውቃለሁ።

መጽሐፉ መቼ ይወጣል? አለኝ። ከጥምቀት በኋላ። ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ ባዶው ቧንቧ እያየ፣ እስከዚያ ሲሚንቶው እኔ ጋ ይቆይ አለ። እትዬ ዘሃራ ሰምተዋል። ድስቱን ወደ ቆጡ አልመለሱትም፤ ምድጃው አጠገብ ደፉት።

አዲሱን ገጽ ላክሁ። ክፍሉን እስከ ሐሙስ ያዝኩ።

አንድ ነገር ረሳሁ። እኔን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ አምስት ቀን ያፈሩት ሴት፣ ስለ እኔ ገራዶን በሙሉ በስልክ ጠይቀዋል። ያባቴ ታናሽ ወንድም በሕይወት አለ። ነገ ጠዋት ይጠብቀኛል። አሁን ከአጎቴ ጋር አገናኝተውኝ ተነጋገርን፤ ድምፁ አልቅሷል፣ የኔም። ከበስተኋላው በግ ሲጮህ ሰማሁ። የታሰረ በግ ድምፅ ነው፣ ይህን አሁን እለያለሁ። መልሼ ልደውልና የማንም ሥጋ እንደምበላ ከወዲሁ ልንገረው።